ማንም ያልገዛው ፊልም፦ ኃይሌ ገሪማ ‹ሳንኮፋ›ን እንዴት ለተመልካች አደረሱት

በየካቲት 1993 የኢትዮጵያዊው ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ ፊልም ‹ሳንኮፋ› በርሊን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ለውድድር ቀረበ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ለአንድ ነፃ ፕሮዲዩሰር ከዚህ የተሻለ በር የለም። በርሊን ዋናው ውድድር ውስጥ የገባ ፊልም ገዢ አያጣም ይባላል። ‹ሳንኮፋ› ግን አጣ። አሜሪካ ውስጥ ወስጄ ላሳየው የሚል ትልቅ አከፋፋይ አልተገኘም።

ፊልሙ ስለ ባርነት ነው። አንዲት ዘመናይ ሞዴል ጋና ውስጥ ባለው የኬፕ ኮስት የባሪያ ምሽግ ፎቶ ስትነሳ ወደ ኋላ ትወሰዳለች፤ ራሷን በባርነት እርሻ ላይ ታገኛለች። ታሪኩ የሚነገረው በባሪያዎቹ ዓይን ነው፤ ያምፃሉ፣ ይመክራሉ፣ ይከዳዳሉ። የሚያድናቸው ደግ ነጭ የለም። ኃይሌ በየመድረኩ ሲናገሩ አከፋፋዮቹን ያስደነገጠው ይኸው ነው ይላሉ። አከፋፋዮቹ ደግሞ ይህን ዓይነት ፊልም ማን ያያል ነበር ጥያቄያቸው። ያም ሆነ ይህ ውጤቱ አንድ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያህል የተለፋበት፣ አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀ ፊልም ሳይታይ ቆርቆሮው ውስጥ ሊቀር ነው።

ኃይሌ ገሪማ ሲነሱ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ዳይሬክተሩ ነው። ረጅሙ ንግግር፣ ቁጣው፣ ሆሊውድን መሞገቱ። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ፕሮዲዩሰሩ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ፊልም ሠርተው፣ የሠሩትን ከእጃቸው ሳያወጡ እስከ ዛሬ የዘለቁ አፍሪካውያን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ገዢ ያጣው ፊልም እንዴት ተመልካች አገኘ? ምንስ አስከፈለ? ጉዳዩ ይኸው ነው።

የአባት ቤት

ኃይሌ በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው አባ ገሪማ ታፈረ ‹ጎንደሬ በጋሻው› የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት ናቸው። ተውኔትም ይደርሱ ነበር፤ ቡድን ይዘው ያሳዩ ነበር። ልጃቸውም በዚያ ቡድን ውስጥ ተጫውቷል። ይህን ያነሳሁት የሕይወት ታሪክ ለመሙላት አይደለም። ጽፎ፣ አዘጋጅቶ፣ ሥራውን ራሱ ተመልካች ደጃፍ የሚያደርስ ሰው ቤት ያደገ ልጅ፣ አከፋፋይ እምቢ አለ ሲባል እንደ ሌላው የሚደነግጥ አይመስለኝም።

በ1967 ቺካጎ ሄደው ድራማ ተማሩ። ቀጥለው ሎስ አንጀለስ፣ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ፊልም። ኋላ ‹ኤል ኤ ሪቤሊየን› የተባለው የጥቁር ተማሪዎች ስብስብ የበቀለው እዚያ ነው፤ ቻርልስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽና ሌሎችም። አሠራራቸው የደቦ ነበር። ዛሬ አንተ ዳይሬክተር ነህ፣ እኔ ካሜራ እይዛለሁ፤ ነገ በተራው። የኃይሌን ‹ቡሽ ማማ› ከቀረጹት አንዱ በርኔት ነው፤ እሱም በኋላ ስመ ጥር ዳይሬክተር ሆነ። ገንዘብ ሳይኖር ፊልም የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ጉልበት እየተበዳደሩ።

በ1974፣ አገር እየተናወጠ ሳለ፣ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ‹ምርት ሦስት ሺ ዓመት›ን ቀረጹ። ጥቁርና ነጭ፣ 16 ሚሊሜትር፣ ሙያተኛ ያልሆኑ ተዋንያን፣ ሁለት ሳምንት ገደማ። ፊልሙ ዓለምን ዞረ። ከቀረጻው በማግስቱ ዓመት፣ በ1975፣ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። ይህችን ቅጥር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ገንዘቡ ከየት መጣ

‹ሳንኮፋ›ን ማን ከፈለ የሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ መስመር አይደለም። የኃይሌ የራሳቸው ነጎድጓድ ፕሮዳክሽን አለ። የጋና ብሔራዊ የባህል ኮሚሽን አለ። የቡርኪና ፋሶ መንግሥት የፊልም ምርት ክፍል ዲፕሮሲ አለ። የጀርመን ሁለት የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች አሉ፤ ኤንዲአርና ደብሊውዲአር። ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ደግሞ የፊልሙ ተባባሪ ፕሮዲዩሰር ነች፤ እሷም ራሷ ፊልም ሠሪ ናት። ቀረጻው ጋና እና ጃማይካ ላይ ተሠራ።

እንዲህ ያለ ጥምረት ወረቀት ላይ ያምራል። ሥራው ላይ ግን ራስ ያዞራል። የጀርመን ቴሌቪዥን ገንዘብ ሲሰጥ ፊልሙን በአገሩ የማሳየት መብት አስቀድሞ መግዛቱ ነው፤ ስለዚህ ስክሪፕት ያነባል፣ ቀን ይቆርጣል። የአፍሪካ መንግሥት ተቋም አብዛኛውን ጊዜ የሚያዋጣው በዓይነት ነው፤ ፈቃድ፣ መሣሪያ፣ ባለሙያ፣ መኪና። በዓይነት የመጣ መዋጮ ደግሞ ለላቦራቶሪ አይከፈልም። ኔጋቲቭ የሚያጥበው ድርጅት ጥሬ ገንዘብ ነው የሚፈልገው። ዘጠኝ ዓመት እንዴት ፈጀ ለሚል ሰው ግማሹ መልስ ይኼ ነው። አንዱ ኪስ ሲሞላ ሌላው ይጎድላል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከአጋሮቹ መካከል የአሜሪካን ገበያ ጠቅልሎ የወሰደ የለም። የአሜሪካ መብት እነ ኃይሌ እጅ ቀርቷል። ያኔ ይህ ድል አይመስልም፤ የሚገዛው የጠፋ ዕቃ ነውና። ቀጥሎ የሆነው ሁሉ ግን የሆነው መብቱ እጃቸው ላይ ስለነበረ ነው።

ባዮግራፍ

ዋሽንግተን ጆርጅታውን ውስጥ ባዮግራፍ የሚባል ሲኒማ ቤት ነበር። እነ ኃይሌ ፊልሙን ለአከፋፋይ መስጠት ትተው አዳራሹን በቁርጥ ዋጋ ተከራዩ። ሲኒማ ቤቱ ከትኬት ድርሻ አይወስድም፤ ኪራዩን ይቀበላል፣ በቃ። ትኬቱ በሙሉ የተከራዩ ነው። ኪሳራውም እንደዚያው።

ሂሳቡን በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው እንጂ የ‹ሳንኮፋ› አይደሉም። አንድ ፊልም የ100,000 ዶላር ትኬት ሸጠ እንበል። በተለመደው መንገድ ሲኒማ ቤቱ ግማሹን ይወስዳል። የቀረው 50,000 አከፋፋዩ እጅ ይገባል። መጀመሪያ ኮሚሽኑን ይቆርጣል፤ 30 በመቶ ከሆነ 15,000 ነው። ቀጥሎ ለኮፒና ለማስታወቂያ አወጣሁ ያለውን ያነሳል፤ 25,000 እንበል። ፕሮዲዩሰሩ ጋ 10,000 ይደርሳል። እሷም ከስንት ወር በኋላ፣ ሪፖርቱ በሐቅ ከመጣ። አሁን በቁርጥ ኪራይ እናስላው። ለአዳራሽ 30,000 ተከፈለ። ለኮፒና ለማስታወቂያ ያው 25,000 ወጣ። 45,000 እጅ ላይ ይቀራል፤ በዚያው ሳምንት። ታዲያ ሁሉም ለምን እንዲህ አያደርግም? ሰው ካልመጣ 55,000ው ውሃ በላው ማለት ነዋ!

ስለዚህ ጥያቄው ሰው ማምጣት ነው። እዚህ ላይ የተሠራው ሥራ ፊልሙን ከመቅረጽ ባልተናነሰ ልፋት የጠየቀ ይመስለኛል። በጋዜጣ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ የሚገዛ ገንዘብ የለም። ያለው ሰው ነው። የዋሽንግተን ጥቁር ማኅበረሰብ፤ አብያተ ክርስቲያናት፣ የጥቁሮች ሬዲዮ፣ ተማሪዎች፣ የሰፈር ማኅበራት። ፊልሙን አስቀድመው ያሳዩአቸዋል። ያየ ሰው ለሌላው ይነግራል። ቤተ ክርስቲያኑ ምእመኑን ይዞ ይመጣል፤ አስተማሪዋ ተማሪዎቿን። ከፊልሙ በኋላ ውይይት አለ፤ ሰው ቶሎ አይበተንም።

‹ሳንኮፋ› ባዮግራፍ ላይ 11 ሳምንት ቆየ። ልብ አድርጉ፤ የአከፋፋይ ድጋፍ የሌለው ፊልም ሁለተኛ ሳምንት ካየ ዕድለኛ ነው።

ከዚያ ከከተማ ከተማ ተጓዘ። ባልቲሞር፣ ኒው ዮርክ፣ ሎስ አንጀለስና ሌሎችም። በየከተማው የአካባቢ ሰዎች ኮሚቴ አቋቁመው ፊልሙን ይቀበሉታል፤ አዳራሽ ይፈልጋሉ፣ ፖስተር ይለጥፋሉ፣ ትኬት ይሸጣሉ። አንድ ቴክኒካዊ ነገር ላስታውስ፤ የዛሬ ልጆች አይገጥማቸውምና። ያኔ ፊልም ማለት ዕቃ ነው። የ35 ሚሊሜትር ኮፒ በጥቅል ይታሰራል፤ አንዱ ጥቅል ሃያ ደቂቃ ያህል ይይዛል። ‹ሳንኮፋ› ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ነው። ስድስት ሰባት ጥቅል በብረት ሳጥን፣ ለአንድ ሰው የሚከብድ ሸክም። አንዱን ኮፒ ማሳተም ከሺህ ዶላር በላይ ይፈጃል። ሁለት ኮፒ ካለህ በአንድ ጊዜ የምታሳየው ሁለት ከተማ ነው፤ ሦስተኛው ወረፋ ይጠብቃል። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች በሺህ የሚቆጠር ኮፒ አሳትመው በአንድ ዓርብ አገሩን ያጥለቀልቁታል። እነ ኃይሌ ደግሞ ከአንዱ ከተማ የተገኘውን ይዘው ሌላውን ይከፍታሉ። ዝግ ያለ ነው። ግን በዝግታው ውስጥ ወሬው ፊልሙን እየቀደመ ይደርስ ነበር፤ ችኩል አከፋፋይ የማያገኘው ጥቅም ነው።

ይህ የአንድ ሰው እልህ ብቻ አይደለም። የአፍሪካ ፊልም ከጥንስሱ የተሰናከለው ማሳያ ላይ ነው። በፈረንሳይኛ ተናጋሪው ምዕራብ አፍሪካ ሲኒማ ቤቶቹን ለረጅም ጊዜ የያዙት ኮማሲኮና ሴክማ የሚባሉ ሁለት የውጭ ድርጅቶች ነበሩ። የፈረንጅና የሕንድ ፊልም በርካሽ ያመጣሉ፤ የአገሬው ፊልም ቦታ የለውም። የዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ በ1970 ሲኒማ ቤቶቿን ስትወርስ ድርጅቶቹ ፊልም ማቅረብ አቆሙ። አዳራሹ የመንግሥት ሆነ፤ የሚታይ ግን አልነበረም። ሴኔጋላዊው ፊልም ሠሪ ሴምቤን ኡስማን ፊልሞቹን ይዞ በየመንደሩ የዞረው ያለ ነገር አይደለም። ኃይሌ አሜሪካ ላይ ያደረጉት የዚሁ ዘመድ ነው። ልዩነቱ ትኬት መግዛት የሚችል ተመልካች አጠገባቸው መኖሩ ነው።

ያልተጻፈው ፕሮዲዩሰር

አሁን ወደ ሃዋርድ ልመለስ። የኃይሌ ታሪክ ሲነገር ‹ለሆሊውድ አልንበረከክም ያለ ጀግና› ተብሎ ያልቃል። ደስ ይላል። ግን ጎዶሎ ነው። አርባ ዓመት ገደማ የመምህር ደመወዝ ነበራቸው። የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የሕክምናው ነገር በፊልሙ ገቢ ላይ አልተንጠለጠለም። ዘጠኝ ዓመት አንድ ፊልም ላይ መቆየት የሚችለው እንዲህ ያለ ሰው ነው። የፊልሙ መጨረሻ ላይ ስሙ ያልተጻፈው ተባባሪ ፕሮዲዩሰር ያ ደመወዝ ነው፤ እኔ እንደዚያ ነው የማየው።

ይህን ማለቴ ክብራቸውን ለመቀነስ አይደለም። ሌላው ብዙ ደመወዝ ያለው መምህር ፊልም አልሠራም። ግን የሳቸውን መንገድ እንከተል የሚሉ ወጣቶች ይህን ክፍል ዘለው ያነቡታል። ሥራቸውን ለቀው፣ ቤት ሸጠው፣ ‹እንደ ኃይሌ ራሴ አሳያለሁ› የሚሉ አሉ። ኃይሌ ግን ሥራቸውን አልለቀቁም።

የ‹ሳንኮፋ› ገቢ ምን ሆነ? ቪላና መርሴዲስ አልሆነም። በ1980ዎቹ የጀመሩትን የፊልም ማከፋፈያ ድርጅት አጠናከረ። በ1997 ጥንዶቹ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ‹ሳንኮፋ› የሚባል የቪዲዮና የመጻሕፍት ቤት ከፈቱ። ሕንፃው የራሳቸው ነው። ዓመታት አልፈው ያ ሰፈር ሲወደድ የንብረት ግብሩም አብሮ ወጣ፤ ሱቁ ሊዘጋ ነው ተብሎ ማኅበረሰቡ ተንጫጫ። በ2019 የከተማው ምክር ቤት የግብር እፎይታ ሰጠው። ባዮግራፍን የሞላው ዓይነት ሰው ነው ምክር ቤቱንም የሞላው። የራስ የሆነ ነገር መያዝ ነፃነት ነው፤ ግብርም ነው።

‹ጤዛ› እና የዓመታት ዋጋ

ከ‹ሳንኮፋ› በኋላ ሌላ ፈንድ ጎርፎ መምጣት ነበረበት። ፊልሙ በርሊን ተወዳድሯል፣ አዳራሽ ሞልቷል፣ ገንዘብ መልሷል። ግን ቀጣዩ የልብ ወለድ ፊልማቸው ‹ጤዛ› የታየው በ2008 ነው። አሥራ አምስት ዓመት! በመሐል ‹አድዋ›ን ጨምሮ ዘጋቢ ፊልሞች ሠርተዋል። ቢሆንም አሥራ አምስት ዓመት ነው።

‹ጤዛ› የተሠራው ከጀርመኑ ፓንዶራ ፊልም፣ ከደብሊውዲአርና ከአንድ የፈረንሳይ ድርጅት ጋር በጥምረት ነው። ታሪኩ ጀርመን ተምሮ የሚመለስ ሐኪም ነው፤ ግማሹ ጎንደር ገጠር፣ ግማሹ ጀርመን። የኢትዮጵያው ክፍል ከተቀረጸ በኋላ ለጀርመኑ ገንዘብ እስኪገኝ ሁለት ዓመት ገደማ ተጠበቀ። ፕሮዲዩሰር የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ላብ ያጠምቀዋል። ዋናው ተዋናይ በሁለት ዓመት ሊወፍር ይችላል፣ ሊመለጥ ይችላል፣ አገር ሊለቅ ይችላል። ፊልሙ ላይ ግን በአንድ ትዕይንት ተሰናብቶ በሚቀጥለው ይገባል። ይህን አደጋ ተሸክሞ ሁለት ዓመት መተኛት ቀላል አይደለም።

ውጤቱ አኮራ። ቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ፌስፓኮ ላይ ዋናው ሽልማት፣ የየኔንጋ ወርቃማ ፈረስ። አሜሪካ ውስጥ ያከፋፈለው ያው የራሳቸው ድርጅት ነው።

የነፃነት ዋጋ በዶላር ብቻ የሚከፈል ይመስለን ይሆናል። የኃይሌን ሥራዎች ዓመተ ምሕረት ተራ በተራ ያየ ሰው ግን የተከፈለው በዓመታት መሆኑ ይገባዋል። በዚያ አሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ስንት ፊልም ይሠሩ ነበር? ለአንድ ስቱዲዮ እሺ ቢሉ ሦስት አራት ይሠሩ ይሆን? ምን ዓይነት ፊልም ይሆን ነበር የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። እኔ ‹ጤዛ›ን ከሦስቱ እመርጣለሁ። ከጎናቸው የጠበቁት ሠራተኞችና ተዋንያን ምን ይላሉ የሚለውን ግን እኔ ልመልስላቸው አልችልም።

መብቱ ሲመለስ

በ2021 ‹ሳንኮፋ› በ4ኬ ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። ያመጣው የአሜሪካዊቷ ዳይሬክተር አቫ ዱቨርኔ ማከፋፈያ ድርጅት ‹አሬይ› ነው፤ ቀደም ሲልም የኃይሌን የቀድሞ ፊልም ‹አሽስ ኤንድ ኤምበርስ› እንደገና ለገበያ አቅርቧል። በዚያው ሰሞን ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ የሎስ አንጀለስ ሙዚየም ለኃይሌ የቫንቴጅ ሽልማት ሰጠ፤ ሽልማቱ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው።

ጋዜጦች ስለ ሽልማቱ ጻፉ። እኔ የምቀናው በድርድሩ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ያለፈው ፊልም ነው። መብቱ በ1993 ለአንድ አከፋፋይ ተሽጦ ቢሆን፣ ያ አከፋፋይ ምናልባት ከስሮ፣ ለሌላ ተሽጦ፣ ሌላውም ተሽጦ፣ ውሉን የሚያውቅ ሰው ይጠፋ ነበር። ብዙ የአፍሪካ ፊልሞች እንዲህ ናቸው። ኔጋቲቩ አንድ የአውሮፓ ላቦራቶሪ ውስጥ አለ፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ‹ሳንኮፋ› ጋ ግን የሚጠራ ስልክ ነበር። የሚያነሳውም ፊልሙን የሠራው ሰው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሲታይ

ይህ መንገድ እንዳለ አዲስ አበባ ላይ አይሠራም። አዳራሾቹ ጥቂት ናቸው፤ ወረፋው የባለ አዳራሹ ነው። የተገነዘበውም አለ፤ ቴዎድሮስ ተሾመ ሴባስቶፖል ሲኒማን ሲከፍት ያው ሂሳብ ነው፤ የሚያሳየው በር የራሱ ሆነ። አዳራሽ መክፈት የማይችለው ፕሮዲዩሰር ግን ይበዛል። ለሱ ከኃይሌ ጉዳይ የሚወሰደው ኪራዩ አይመስለኝም፤ ውሉ ነው።

አሁን ገበያው ዩቲዩብ ላይ ነው። ሲኒማ ቤት ቆይቶ የወረደ ፊልም ለአንድ ቻናል በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጣል፤ ‹ጠቅልለህ ውሰደው› ተብሎ። ፕሮዲዩሰሩ ዕዳ አለበት፣ ካሜራ የተከራየበት ይጨቀጭቀዋል፣ ይፈርማል። አልፈርድበትም። ግን ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቅ አይጎዳም። ለስንት ዓመት ነው? ለዩቲዩብ ብቻ ነው ወይስ ለቴሌቪዥንና ለሌላው መድረክ ጭምር? ቻናሉ ቢሸጥ ወይም ቢዘጋ ፊልሙ ወዴት ይሄዳል? ‹ለዘላለም› የሚል ቃል ውሉ ላይ ካለ አምስት ዓመት ተብሎ እንዲታረም መጠየቅ ይቻላል። ገዢው ሊስማማ ይችላል፤ የሚፈልገው የመጀመሪያውን ዓመት ዕይታ ነውና። ዋናው ፋይል ደግሞ ሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ ኤዲተሩ ጋ ብቻ ከሆነ ኤዲተሩ ኮምፒዩተሩን የሚሸጥ ቀን ፊልሙም አብሮ ይሸጣል።